የበዓሉን ገጽ ባዶ አትተዪው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሐኪምሽ የምትበይውን ሁሉ ጽፈሽ አምጪ ብላሻለች። አዘቦት ቀን ትጽፊያለሽ። በዓል፣ ሠርግ ወይም ማኅበር ሲመጣ ግን ብዙ ስለበላሽ ታፍሪና ገጹን ትዘይዋለሽ፣ ወይም አሳንሰሽ ትጽፊያለሽ። «እንዲህ የሚያደርግ ሌላ ሰው አለ?» ብለሻል። አለ። ለወራት እንዲሁ ሳደርግ ነበር፤ ዋጋውንም ከፍያለሁ።

ደብተር ካስያዘችሽ ነገሩ ስኳር ነው ብዬ ነው የምጽፍልሽ። እኔም ዓይነት ሁለት ስኳር ከተገኘብኝ አምስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። እንጀራ ቀንሺ፣ በእግርሽ ሂጂ የሚለውን ሌሎቹ ይነግሩሻል። እኔ ስለ ደብተሩ ብቻ ልንገርሽ።

1. በበላሽበት ሰዓት መዝግቢ። «ማታ እጽፈዋለሁ» ካልሽ አለቀ። ማታ የሚጻፈው የተበላው ሳይሆን መበላት የነበረበት ነው። ሰው ቤት ተጠርተሽ ደብተር ማውጣት ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ዘዴ አለኝ። ወደ ግብዣ ስሄድ ቀኝ ኪሴ ውስጥ አሥር ጥሬ ሽምብራ እይዛለሁ። ጉርሻ በተቀበልኩ ቁጥር አንዷን ወደ ግራ ኪሴ አዛውራለሁ። ማንም አያይም። «በሞቴ! አፈር ስሆን!» እየተባለ የገባውን ጉርሻ ጭንቅላት አይቆጥረውም፣ ሽምብራው ይቆጥረዋል። ከዚያ እጄን ልታጠብ ብዬ ስነሳ ቴሌግራም ላይ ለራሴ በድምፅ እልካለሁ፤ «ግማሽ እንጀራ፣ ክትፎ፣ ጉርሻ አራት» ብዬ። አሥር ሰከንድ አይፈጅም። አንቺ ቦርሳ ስላለሽ የበለጠ ይቀልሻል።

2. ከትሪ ላይ ስትበሉ ማን ስንት እንደበላ አይታወቅም። ስለዚህ ስትቀርቢ የተነጠፈውንና የተጠቀለለውን እንጀራ ቁጠሪ። ስትነሺ የቀረውን እዪ። ለሰው ቁጥር አካፍዪና ሩብ ጨምሪበት። ልጆች ከነበሩ ግማሽ ጨምሪበት፣ የእነሱን ድርሻ የሚበላው ትልቅ ሰው ነውና። ግራም በግራም መቁጠር ውስጥ አትግቢ፣ በሳምንቱ ይሰለችሻል። ግን የቤትሽን እንጀራ አንዴ ሚዛን ላይ አስቀምጪው። የእኛ ቤት እንጀራ 380 ግራም ወጣ። ከሱቅ የምንገዛው 290። እኔ ሁለቱንም «አንድ እንጀራ» እያልኩ ስጽፍ ነበር።

3. የሚጠጣውን አትርሺ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሦስት ሲኒ ነው። በየሲኒው ሁለት ማንኪያ ስኳር ከጨመርሽ ስድስት ማንኪያ ሆነ። 300 ሚሊ ሊትር የምትይዘው የኮላ ጠርሙስ ውስጧ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለ። ከቡናው ጋር የቀረበው ፈንዲሻና ቆሎም ይጻፍ።

4. ደብተርሽን ለማን እንደምታሳዪ እወቂ። ይሄኛውን በአንድ መስመር አላልፈውም፤ የእኔ ጣጣ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

የ2014 ገና ነበር። ያን ጊዜ ደብተሬን በታማኝነት ነበር የምጽፈው። በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ገንዘብ መዝግቤ አንድ ሳንቲም ጎድሎብኝ አያውቅም፤ በዚህ እኮራለሁ። ስለዚህ ደብተሩንም እንደ ሥራዬ ያዝኩት። ጀርባው ላይ የማባዣ ሠንጠረዥ ያለበት ተራ የተማሪ ደብተር ነው። ቀን፣ ሰዓት፣ ምግብ፣ መጠን ብዬ በማስመሪያ አሰመርኩት። የገናን ቀን ሦስት ቤት የበላሁትን አንድም ሳላስቀር ጻፍኩ።

በቀጠሮዬ ቀን ወደ ሐኪሙ ከመግባቴ በፊት ክብደትና ግፊት የምትለካው ልጅ ደብተሩን ተቀበለችኝ። ገለጠችው። አነበበች። ከዚያ ወንበር ላይ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አባት፣ ይሄ ሁሉ የአንድ ሰው ነው ወይስ የቤተሰቡ?» አለችኝ። ሰው ሳቀ። ከጎኔ የተቀመጡ አንድ እናት ብቻ አልሳቁም፣ አንገታቸውን ደፉ። እኔ የሃምሳ ዓመት ሰው ነኝ። ልጅ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። የዚያን ቀን የተሰማኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፣ ልጅቷንም በልቤ ይቅር ለማለት ጊዜ ፈጅቶብኛል። በሽተኛ እውነቱን ጽፎ ሲያመጣ መሳቅ ምን የሚሉት ሥራ ነው? ያ ሳቅ ስንቱን ሰው ውሸታም እንዳደረገው ብታውቅ!

እኔን አደረገኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ደብተሬ እያማረ ሄደ። ሁዳዴን በደንብ ጾምኩ፣ እሱ እውነት ነበር። ፋሲካ ደረሰ። ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ፈሰክን፣ ጠዋት አማቾቼ ቤት፣ ከሰዓት እህቴ ቤት፣ ማታ ጎረቤት። ደብተሩ ላይ የጻፍኩት «ግማሽ እንጀራ በዶሮ ወጥ፣ ማታ ሾርባ» የሚል ነው። የሳምንቱን ቀሪ ገጾች ባዶ ተውኳቸው። ደግሞ የፋሲካ ነገር በአንድ ቀን አያልቅም። በዓለ ሃምሳ ነው፣ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። ሃምሳ ቀን ሙሉ በሄድሽበት ቤት ሁሉ ይቀርብልሻል።

ሰኔ ላይ ቀጠሮዬ ደረሰ። የሦስት ወሩን ስኳር ስመረመር 9.4 በመቶ ወጣ፤ ከፍተኛ ነው። ይህ ምርመራ የሚያየው በቀይ የደም ሴል ላይ የተጣበቀውን ስኳር ነው፣ ሴሉ ደግሞ ወደ 120 ቀን ይቆያል። ስለዚህ እኔ ባልጽፈውም ፋሲካ እዚያ ተጽፏል። ሐኪሙ ደብተሬን አየ። ገና ወጣት ልጅ ነው፣ በትሕትና ነበር የሚያናግረኝ። «አመጋገብዎ እኮ ጥሩ ነው። እንግዲህ መድኃኒቱ አልበቃዎትም ማለት ነው» አለኝ። ቀድሞ ከምውጠው የስኳር ኪኒን ከሜትፎርሚን በተጨማሪ ጠዋት ጠዋት ከቁርስ ጋር የምውጠው ግሊቤንክላማይድ ጻፈልኝ። በእሱ አልፈርድበትም። እኔ የሰጠሁትን ሒሳብ ነው የደመረው።

ያኔ ያልጻፍኩት ምግብ ያመጣውን ስኳር የሚያወርድ ኪኒን በየቀኑ እውጥ ነበር ማለት ነው። ያ ምግብ ግን የበዓል እንጂ የየቀን አይደለም። ነሐሴ ገባ፣ ፍልሰታ ተያዘ። የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ቅዳሴ መሄድ ጀመርኩ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ኪኒኔን በባዶ ሆዴ ውጬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳልቀምስ እውላለሁ። ለሐኪሙ ልጾም ነው አላልኩትም። ነሐሴ 3 ቀን ስምንት ሰዓት ገደማ ላብ አጠመቀኝ። እጄ ተንቀጠቀጠ። ድካም ነው ብዬ የግቢውን አጥር ተደገፍኩ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የአንዲት ሴት ነጠላ ፊቴ ላይ ሲርገበገብ ነው። አንድ ሰው ስኳር በውኃ በጥብጦ አፌን አርሶልኝ ነበር። ቅርብ ያለ ክሊኒክ የደም ስኳሬን ሲለኩኝ 43 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ነበር፤ ያውም ስኳሩን ከቀመስኩ በኋላ። ከ70 በታች ከወረደ ያሰጋል ይባላል። እኔ ብቻዬን መንገድ ላይ ብሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ልጆቼ ሲያወሩት አልወድም።

በሳምንቱ ወደ ሐኪም ቤት ተመለስኩ፤ ሌላ ሐኪም አገኘችኝ። ደብተሩን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጬ «ይሄ ውሸት ነው» አልኳት። አልተቆጣችም። «የትኞቹ ገጾች?» ብላ እስክሪብቶ ሰጠችኝ። ባዶዎቹን ገጾች አንድ በአንድ የማስታውሰውን ያህል ሞላሁላት። ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ጾምን በተመለከተ የንስሐ አባቴን እንዳማክር ነገረችኝ፤ እሳቸውም ታሞ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በአቅሙ ነው የሚጾመው አሉኝ። አዲሱን ኪኒን አስቆመችኝ። አንቺ ግን የእኔን አይተሽ የራስሽን መድኃኒት እንዳትነኪ፤ ከሐኪምሽ ጋር ብቻ።

አየሽ፣ በሒሳብ ሥራ ያልተመዘገበ ወጪ አልወጣም ማለት አይደለም። ባዶ ገጽ ያየ ሰው ዜሮ ነው ወይም እንደ ትናንቱ ነው ብሎ ያልፈዋል። ሁለቱም ስሕተት ነው። ይህን በሥራዬ ስንቱን ወጣት አስተምሬበታለሁ፣ በራሴ ላይ ግን አላዋልኩትም።

ከዚያ ወዲህ ደብተሬን ክብደት ለሚለካም ሆነ መስኮት ላይ ለተቀመጠ ሰው አልሰጥም። «ለሐኪም ነው» እላለሁ፣ በቃ። ቢኮሳተሩም ይኮሳተሩ። አንቺም መብትሽ ነው፣ አጥብቀሽ ያዢው።

ሌላም ነገር ተምሬያለሁ። ገጹ ላይ ራስሽን አትሳደቢ። መጀመሪያ ሰሞን «ዛሬ ሆዳም ሆንኩ» ብዬ ጽፌ አልፌ ነበር። ሐኪሟ አይታ «ይሄ ምን ያህል ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ስድቡን ተይና መጠኑን፣ ሰዓቱን፣ ከማን ጋር እንደነበርሽ፣ ከመብላትሽ በፊት ርቦሽ እንደነበር ጻፊ። ይቺ የመጨረሻዋ ለእኔ ትልቅ ነገር ሆነች። በሦስት ወር ውስጥ ብዙ የበላሁባቸው አሥራ አንድ ቀናት ነበሩ። በሰባቱ ምሳዬን የተውኩት እኔው ራሴ ነኝ፤ ማታ ግብዣ አለ፣ ሆዴን ባዶ ላድርግ ብዬ! ርቦኝ እደርስና መቆሚያ አጣለሁ። አሁን ወደ ግብዣ ከመሄዴ በፊት ቤት ውስጥ በሩብ እንጀራ ሽሮ ቀምሼ ነው የምወጣው። ባለቤቴ መጀመሪያ ትገረም ነበር፣ አሁን ራሷ ታቀርብልኛለች። ባዶ ገጽ ብተው ኖሮ ይሄን በምን አውቀው ነበር?

በማግሥቱ ደግሞ ራስሽን በረሃብ አትቅጪ። የማግሥቱም ገጽ እንደ ሌላው ቀን ይጻፍ። ብቻሽን ሆነሽ፣ ሳይርብሽ፣ ማቆም እያቃተሽ የምትበይበት ቀን የሚደጋገም ከሆነ ግን እሱንም ደብተሩ ላይ አስፍሪና ለሐኪምሽ ንገሪያት። እሱ ራሱን የቻለ ሕመም ነው፣ ሕክምናም አለው።

ጥር ላይ የእህትሽ ሠርግ እንዳለ ጽፈሻል። እንዴት እንደሚጻፍ እንድታዪ የባለፈውን ፋሲካ፣ የሚያዝያ 12 ቀን 2017ን ገጽ እንዳለ ልገልብጥልሽ፦

«ሌሊት 9፡30፣ ቤት። ተልባ አንድ ብርጭቆ። እንጀራ አንድ ሙሉ፣ ዶሮ ወጥ ሁለት ብልት፣ እንቁላል ሁለት። ርቦኝ ነበር።
ረፋድ 5፡00፣ አማቾቼ ቤት። ግማሽ እንጀራ፣ ክትፎ። ጉርሻ አራት። ጠላ አንድ ብርጭቆ ተኩል። ትንሽ ርቦኝ ነበር።
ከሰዓት 8፡30፣ እህቴ ቤት። ድፎ ዳቦ ሁለት ቁራጭ፣ እያንዳንዱ ከመዳፌ የሚበልጥ። ቡና ሦስት ሲኒ ያለ ስኳር። አልራበኝም ነበር።
10፡30 ተለካሁ፣ 247።
ማታ ውኃ ብቻ።»

ሐኪሟ ሰኔ ላይ ይህን ስታነብ ጣቷን ዳቦው ላይ አሳረፈች። «እዚህ ጋ አልራበኝም ብለዋል። ታዲያ ለምን በሉ?» አለችኝ። እህቴ ቆርሳ ከሰጠችኝ እንዴት እምቢ እላለሁ አልኳት። «እምቢ አይበሉ። ቀጭን አድርጋ እንድትቆርስልዎት ይንገሯት» አለች። ሌላ ምንም አላለችም። የሦስት ወሩ 7.1 ነበር፣ መድኃኒትም አልተጨመረብኝም።

ለእህቴ ነገርኳት። ለእንቁጣጣሽ ስሄድ የእኔን ቁራጭ ለብቻው አስቀምጣልኝ ነበር፤ ጣቴን የምታህል ቀጭን። እሷንም ጽፌያታለሁ።