በወይኑ መካከል ማሾ ልዝራ?

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ዳር ሩብ ሄክታር የወይን ተክል አለኝ። በመደዳዎቹ መካከል ያለው ርቀት 2 ሜትር ተኩል ሲሆን የማጠጣው ከጉድጓድ በጠብታ መስኖ ነው። ባዶው መሬት በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ የነሐሴ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ላዩ ታጥቦ ይሄዳል። ጥራጥሬ ዝራበት አሉኝ። ውሃ አይሻማብኝም?

መልስ፦ ያለጊዜው ከዘሩት ይሻማል። በበጋ የጉድጓድ ውሃ መሬት ለመሸፈን ብቻ ለሚዘራ ሰብል ማጠጣት ኪሳራ ስለሆነ አይሞክሩት። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ዝናቡ መሬቱን ካራሰው በኋላ ግን ማሾ ይዝሩ። ሙቀት ይችላል፣ ቶሎ ይደርሳል፣ ላብላብ እንደተባለው ሐረጋም ጥራጥሬ አይደለምና ወይኑ ላይ አይጠመጠምም።

አንዱን መደዳ ዘርተው አንዱን ይዝለሉ። ከግንዱ ወዲህና ወዲያ ግማሽ ግማሽ ሜትር ሲተዉ የሚቀርዎት 1 ሜትር ተኩል በ30 ሳንቲ ሜትር ልዩነት 5 መስመር ይይዛል። በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ሁለት ሁለት ፍሬ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይጣሉ። ለእርስዎ ቦታ 2 ኪሎ ተኩል ዘር ይበቃል።

ከ35 እስከ 45 ቀን ውስጥ ያብባል። ያኔ በማጭድ ከአፈሩ ላይ ይጨዱት እንጂ አይንቀሉት፤ ሥሩ እዚያው ሲበሰብስ ውሃው በተወው ቀዳዳ ይሰርጋል። ያጨዱትን እዚያው ይጎዝጉዙት። ፍሬ እስኪይዝ ከጠበቁ ማሾው ለአፈሩ የሚሠራው ናይትሮጅን (የተክል ምግብ) አብዛኛው ወደ ፍሬው ይሄዳል (ለወጥ ከፈለጉት ግን ማን ይከለክልዎታል)። ጉዝጓዙ ግንዱን ከነካ ምስጥ ይጠራል። አጥር ከሌለ ደግሞ የሰፈሩ ፍየል ምስጡን ይቀድመዋል።

ከማጨድዎ በፊት አራት አምስት እግር በአካፋ አንስተው ሥሩን ይዩት። ከሥሩ ጎን የተለጠፈ፣ በጣት ሲነካ የሚረግፍ፣ ሲሰነጠቅ ውስጡ ሮዝ የሆነ እብጠት ናይትሮጅን የሚሠራው ነው። ውስጡ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ እየሠራ አይደለም፤ ለከርሞ ዘሩን በማሾ ሕያው ማዳበሪያ (እብጠቱን የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ያሉበት) አሽተው ይዝሩ። ሥሩ ራሱ አብጦ አልረግፍ ካለ ግን ኔማቶድ (ሥር የሚያጠቃ በዓይን የማይታይ ትል) ነው። ማሾውም የወይኑ ሥርም ስለሚያራቡት እዚያ ቦታ ጥራጥሬ አይድገሙ፤ በደረቅ ሣር ብቻ ይሸፍኑት።

ማሾው ከያዘልዎት የለመዱትን ዩሪያ እንዳለ አይጨምሩ። ወይኑ ቅጠል ብቻ ይሆንና ነፋስ አላስገባ ሲል ዱቄት የመሰለው ሻጋታ ይይዘዋል፤ ዘለላውም ዘግይቶ ይበስላል።