ጭብጨባው መቼ ነው?

ጥያቄ፦ የሥራ ባልደረባዬ ለአንድ ኦርኬስትራ የዓመቱ መክፈቻ ኮንሰርት ትኬት ሰጠችኝ። የሚቀርበው የሙዚቃ ደራሲው ጉስታቭ ማህለር «የምድር ዘፈን» ነው። ሲምፎኒ ነው ወይስ ዘፈን? በየመሀሉስ ይጨበጨባል? እህታችሁ፣ ከሙኒክ

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱም ነው። ስድስት ዘፈኖች አሉት፤ ቴነሩ (ቀጭን ድምፅ ያለው ወንድ ዘፋኝ) እና አልቷ (ወፍራም ድምፅ ያላት ሴት ዘፋኝ፤ አንዳንዴ በእሷ ፈንታ ባሪቶን፣ ማለትም ከቴነር ወፈር ያለ ድምፅ ያለው ወንድ) እየተፈራረቁ ይዘፍናሉ፣ ኦርኬስትራው ግን አጃቢ ብቻ አይደለም፣ እኩል ያወራል። ግጥሞቹ ከቻይና የታንግ ዘመን ግጥሞች ወደ ጀርመንኛ የተመለሱ ናቸው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1907 ማህለር ትልቋን ልጁን ቀበረ፤ በዚያው ዓመት የልብ ሕመም እንዳለበት ተነገረው። ይህን የጻፈው ከዚያ በኋላ ነው። መድረክ ላይ ሲቀርብ ግን አልሰማውም። ግንቦት 1911 ሞተ፤ ኅዳር ላይ የኦርኬስትራ መሪው ብሩኖ ዋልተር መጀመሪያ ያቀረበው እዚያው አንቺ ከተማ፣ ሙኒክ ነው!

የመጨረሻው «ስንብት» ብቻውን ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል። መጨረሻው ላይ ዘፋኟ «ዘላለም... ዘላለም...» እያለች ትደጋግማለች፣ ድምፅዋ እየሳሳ፣ ከሥሯ ማንዶሊን፣ ሃርፕና ቼሌስታ (እንደ ትንሽ ደወል የሚያቃጭል ባለ ቁልፍ መሣሪያ) ጠብ ጠብ እያሉ። እኔ እዚህ ጋ ሁሌ ትንፋሼን እይዛለሁ።

በየመሀሉ አይጨበጨብም። ሲያልቅም አትቸኩይ፣ መሪው እጁን እስኪያወርድ ጠብቂ። ግጥሙ ብዙ ጊዜ ፕሮግራሙ ላይ ስለሚታተም፣ ቀደም ብለሽ ገብተሽ አንብቢው።