«በሞቴ» የማይባልበት ጠጅ

ጥያቄ፦ እትዬ ጤና ይስጥልኝ። ከደንበጫ ነው የምጽፍልዎ። ልጄ ፊንላንድ፣ ኩዮፒዮ የምትባል ከተማ ነው ያለችው። ዘንድሮ ክረምቱን እሷ ዘንድ ላሳልፍ ቪዛው አልቆልኛል። በስልክ «እማ፣ አንድ ቀን ገጠር ወስጄ የቤሪ ጠጅ የሚሠራበት እርሻ አሳይሻለሁ፣ ትቀምሻለሽ» ትለኛለች። ቤሪ እንደ እንጆሪ ያለ ትንሽ ፍሬ ነው አሉ፤ እኔ ግን ጠጅ የማውቀው ከማር ነው። ቀምሶ መተው ነው ወይስ መጠጣት? ጾሙስ እንዴት ይሆናል? እርስዎ ደርሰው መጥተዋል ሲባል ሰምቼ ነው። — የልጅ እናት፣ ከደንበጫ

መልስ፦ እንኳን ደስ አለዎት እህቴ። እውነት ነው፣ ደርሻለሁ። 2015 ዓ.ም. ክረምት ላይ ልጄ ዘንድ ሁለት ወር ተኩል ቆይቻለሁ፤ የእኔም ልጅ እዚያው ኩዮፒዮ ነው የምትኖረው። ፍኖተ ሰላም ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ጠጅ ቤት ስለነበረኝ፣ «ለእማ ከዚህ የተሻለ ሽርሽር የለም» ብላ ወሰደችኝ።

ስሙ ራሱ አሳስቶኛል። የቤሪ ጠጅን «ማርያቪኒ» ነው የሚሉት። ማርያ ማለት በእነሱ ቋንቋ ቤሪ ነው። እኔ ደግሞ የማርያም ጽዋ መስሎኝ ነጠላዬን መስቀለኛ አጣፍቼ ወጣሁ። መኪና ውስጥ ሲገባኝ ልጄ እስኪያማት ሳቀች።

መንገዱ የአንድ ሰዓት ያህል ነው። ጫካና ሐይቅ፣ ከዚያ ደግሞ ጫካና ሐይቅ። እኔ አሁን ባሕር ዳር ስለምኖር ስለ ሐይቅ ጉራዬ ብዙ ነበር። እዚያ አገር ከአንድ ሄክታር የሚበልጡት ሐይቆች ብቻ ከ50 ሺህ በላይ ናቸው ሲሉኝ ስለ ጣና ማውራቱን ተውኩት። (ግን ጣናን የሚያህል አንድም አላየሁም፤ ይህን ሳልናገር አላልፍም።)

እርሻው የአንድ ባልና ሚስት ነው። የቤሪው ቁጥቋጦ እስከ ደረቴ ይደርሳል፣ በረድፍ በረድፍ ተተክሏል። ሁሉም ግን የሚተከል አይደለም። ሙስቲካ የምትባለው ሰማያዊ ቤሪ የጫካ ናት። ጫካው የማንም ይሁን የማን፣ የዱር ቤሪ መልቀም ለሁሉም የተፈቀደ ነው፤ ባለቤቱን ማስፈቀድ የለም። የሚለቅሙበትም ዕቃ አለ። ሰፋፊ ጥርስ ያለው ትልቅ ሚዶ በሉት፣ ከኋላው ሣጥን ያለው። ቁጥቋጦዋን ሲያበጥሯት ፍሬዋ ሣጥኑ ውስጥ ትገባለች። ሞክሬዋለሁ። ከፍሬው ቅጠሉ በዛብኝ እንጂ። ጣቴ ለሦስት ቀን ሰማያዊ ሆኖ ቆየ። ትንኙንም አይርሱ፣ ሻርፕ ይያዙ።

አሁን ወደ ጓዳው እንግባ፣ የሚጣፍጠው እሱ ነው። ጋን የለም፣ እንስራ የለም። ቁመታቸው የኔ ሁለት እጥፍ የሚሆን፣ እንደ መስታወት የሚያበሩ የማይዝግ ብረት ታንከሮች ናቸው። በልጄ በኩል ሰውየውን «በምንድን ነው የምታጥኑት?» አልኩት። ልጄ ቃሉ ጠፋት። እኛ ዕቃው በግራዋ ታጥቦ፣ በወይራ ታጥኖ ነው ጠጅ የምንጥለው። ይህን እንደምንም ስታስረዳው ሰውየው ሳቀና «ጭስ ከገባበትማ ሥራዬ ተበላሸ» አለ። እኔም በልቤ «ጭስ ከሌለውማ ምኑን ጠጅ ሆነ» አልኩ።

ከዚያ ጆሮዬን ታንከሩ ላይ ለጠፍኩ። ባለፈው ዓመት ተለቅሞ በበረዶ የቆየ ቤሪ ነው ውስጡ ያለው። ከላይ ውሃ ያለባት ትንሽ ቧንቧ አለች፣ አየሩ በእሷ ይወጣል። ቡልቅ ትላለች። ትንሽ ቆይታ ቡልቅ። ዓይኔን ስጨፍን ፍኖተ ሰላም ጓዳዬ ነኝ። ጠጅም በሦስተኛው ቀን እንዲሁ ነው የሚያወራው። ሰውየው ጆሮዬን ስለጥፍ ሲያይ አኳኋኑ ተለወጠ፤ ከዚያ በኋላ እንደ ጎብኚ ሳይሆን እንደ ባለሙያ ነበር የሚያወራኝ።

ልዩነቱ ምን መሰለዎት? ማር ጣፋጭነቱ ተርፎት ነው። እኛ ውሃ የምንጨምረው ሊቀጥን፣ ጌሾ የምናገባው መረር ሊል ነው። የነሱ ቤሪ ተቃራኒው ነው። ስኳሩ ጥቂት፣ ኮምጣጣነቱ ብዙ። ስለዚህ ውሃውን የሚጨምሩት ኮምጣጣውን ለማብረድ፣ ስኳሩን የሚጨምሩት ደግሞ እርሾው የሚበላው እንዲያገኝ ነው። እርሾውንም ገዝተው ነው የሚያገቡት። እኛ ከማሩና ከጌሾው ጋር የመጣውን ነው የምንጠብቀው።

ፑኦሉካ የምትባል ቀይ ቤሪ ደግሞ አለች። እሷ ጉደኛ ናት። ቤንዞይክ አሲድ የሚባለው፣ ፋብሪካ ለስላሳ እንዳይበላሽ የሚጨምረው ነገር፣ በተፈጥሮ በውስጧ አለ። ስለዚህ በድሮ ጊዜ ያለ ስኳር ውሃ ውስጥ ብቻ ነክረው የበረዶውን ወራት ሙሉ ያቆዩዋት ነበር። ግን እሷን የማያበላሸው ነገር እርሾውንም ያፍነዋል። በደንብ ካልቀጠነች አልፈላም ብላ ታስቸግራለች። ሰውየው ስለሷ ሲያወራ እንደ አመለኛ በቅሎ ነበር የሚያማት።

ቅምሻው። ጠረጴዛ ላይ አምስት ትናንሽ ብርጭቆዎች ተደረደሩ፤ መጠናቸው ከአረቄ መለኪያ ትንሽ ቢበልጥ ነው። መሐል ላይ ውሃና ዳቦ አለ። ከጎምዛዛው ተነስተው ወደ ጣፋጩ ነው የሚሄዱት፤ ጣፋጩን አስቀድመው ከቀመሱ ሌላው ሁሉ ኮምጣጤ ይሆንብዎታል። የመጀመሪያው ነጭ ነበር፣ ምላስ ይሰበስባል፤ ለእኔ አልተስማማኝም። ሁለተኛው ሙስታሄሩካ ነው፤ ጥቁር፣ ሽታው ክፍሉን የሚሞላ። የሙስቲካው ለስላሳ ነው። ቫዴልማ የእኛ እንጆሪ እህት ናት፣ ሽታዋ ልጅነቴን አስታወሰኝ። መጨረሻ ላይ ላካ መጣች። ረግረግ ላይ የምትበቅል ወርቅማ ቤሪ ናት። አንዷ ግንድ የምትይዘው አንዲት ፍሬ ብቻ። ሲገርምዎት፣ ጥሬ ሳለች ቀይ ናት፣ ስትበስል ነው ወደ ቢጫ የምትለወጠው። የፊንላንድ የሁለት ዩሮ ሳንቲም ላይ ያለችው እሷ ናት፤ ልጅዎ ታሳይዎት። ጣዕሟን ምን ልበልዎት፣ ማር ያለ ማር።

ሰውየው ቀድቶ ዝም አለ። «በሞቴ» የለ፣ «እቺን ብቻ» የለ፣ «ሁለት ካልሆነ አያምርም» የለ። መጀመሪያ ስስት መሰለኝ። ጠጅ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት «በሞቴ» እያልኩ ኖሬ ዝምታው ከበደኝ። በሦስተኛው ብርጭቆ ላይ ግን ዕረፍት ሆነልኝ። ያልወደዱትን ቢተዉት የሚቀየም የለም። እርስዎም አይጨነቁ፣ አንድ ጉንጭ ይበቃል። ሲቀምሱ ግን ቶሎ አይዋጡት፣ እንደ አዲስ ጠጅ አፍዎ ላይ ያቆዩት።

መኪና የሚነዳው አይቀምስም። የአማቼ ድርሻ የቤሪ ጭማቂ ነበር። እዚያ በደም ውስጥ 0.5 በሺህ አልኮል ከተገኘ ወንጀል ነው። መጠጡ ራሱም ቁጥጥር ይበዛበታል። ከ1919 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. አልኮል ጭራሽ የተከለከለበት አገር ነው። ዛሬም ጠንከር ያለው የሚሸጠው አልኮ በሚባለው የመንግሥት ሱቅ ነው። እንዲህ ያሉ እርሻዎች ግን ከ1995 እ.ኤ.አ. ወዲህ እስከ 13 ፐርሰንት የሚደርሰውን የራሳቸውን የቤሪ ጠጅ ደጃቸው ላይ መሸጥ ይችላሉ። ሰውየው ራሱ ቆሞ የሚቀዳው ለዚህ ነው። ቅምሻው በነፃ አይደለም፤ ቀድማ ትደውል፣ ትመዝገብ።

ጾሙን በሚመለከት፣ ጊዜው ራሱ ያግዝዎታል። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል፣ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። ሙስቲካም ላካም የሚደርሱት በዚያው መሐል ነው። ረቡዕና ዓርብን ብቻ ይዝለሉ። በፍልሰታ ከሆነ ግን የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ፤ እኔ ጠጅ ነጋዴ እንጂ ቄስ አይደለሁም።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። ኩዮፒዮ ውስጥ ካላኩኮ የሚባል፣ ራይ ከሚሉት እህል የሚጋገር ድፎ የሚመስል ዳቦ ያቀርቡልዎታል። ውስጡ ዓሣ ነው፣ ደስ ይላል። ከዓሣው ጋር ግን የአሳማ ሥጋ አብሮ ይጋገራል። እኔ የተነገረኝ ከጎረስኩ በኋላ ነው። ምን ላድርግ፣ አማተብኩ።

ቀን ከተረፈዎት ደግሞ ሄይናቬሲ ላይ ያለውን የቫላሞ ገዳም ይጠይቁ። መነኮሳቱ ላዶጋ ከሚባል ሐይቅ ደሴት በጦርነት ምክንያት ተፈናቅለው በ1940 እ.ኤ.አ. የሰፈሩበት ነው። ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ከእኛ ጋር ግን በኬልቄዶን ጉባኤ የተለያዩት ወገን። የቤሪ ጠጅም ይሠራሉ። እኔ የጣና ደሴት ገዳማትን ያየሁ ሰው ነኝና፣ ሻማው ሲበራ እንባዬ መጣ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ቡሬ አካባቢ ነው የምንኖረው። በየአጥሩ እንጆሪ፣ አጋምና ኮሽም ሞልቷል። ከእነሱ ጠጅ አይወጣም? — ወጣቱ ከቡሬ

መልስ፦ ይወጣል ልጄ፣ ግን ከኔ ስህተት ተማር። ከፊንላንድ እንደተመለስኩ ኮሽም ጨምቄ፣ ስኳር ጨምሬ፣ ጀሪካን ውስጥ ጥብቅ አድርጌ ከደንኩት። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ፈነዳ። ጎረቤት ጥይት መስሏቸው ወጡ። የወጥ ቤቴ ግድግዳ እስከ ዛሬ ቢጫ ነው። የዚያች ቡልቅ የምትል ቧንቧ ጥቅም ያኔ ገባኝ፤ የሚፈላ ነገር መተንፈሻ ይፈልጋል።

ሁለተኛው ተሳካልኝ። 2 ኪሎ የበሰለ እንጆሪ፣ 1 ኪሎ ስኳር፣ 4 ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃና ትንሽ እርሾ። የዳቦ እርሾ ዳቦ ዳቦ እንዲል ያደርገዋል፣ ይሁን። አፉን በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ሸፈንኩት፤ ፍሬው ወደ ላይ ስለሚንሳፈፍ በየቀኑ አማሰልኩት። በሳምንቱ አጠለልኩት። ከዚያ ዕቃውን ከድኜ፣ አየሩ በቀጭን ጎማ እንዲወጣ የጎማውን ጫፍ ውሃ ውስጥ ነክሬ ወር ተኩል አቆየሁት። አጋምን አልሞከርኩትም። ለመሸጥ ካሰብክ ግን ፈቃድ ይጠይቃል፣ ዝም ብለህ አትጀምር።

ጥያቄ፦ ወደ ፊንላንድ ለሚሄድ ሰው የጎጃም ማርና ቅቤ መላክ ይቻላል? — ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ ማር ለአንድ ሰው እስከ 2 ኪሎ ይቻላል። ቅቤ፣ አይብ፣ ቋንጣ ከእኛ አገር ወደዚያ አይገባም። ኪሎ ተኩል ቅቤዬን ኤርፖርት ላይ ወስደው ሲጥሉት ቆሜ አይቻለሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሳልጠይቅ ነው የያዝኩት።

ማሩ ግን ደረሰ። እነሱም ለሜይ ዴይ የሚጠጡት ሲማ የሚባል ነገር አላቸው፤ ጥንት ከማር ነበር የሚሠራው፣ ዛሬ በስኳርና በሎሚ ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ዘቢብ ይጥላሉ፣ ዘቢቡ ሲንሳፈፍ ደረሰ ማለት ነው። ልጄ ግን ጠጁን እንደኛ ጣለችው፣ ጌሾውን ከዚህ ይዤላት ሄጄ ነበር። ጋን ስለሌላት ባልዲ በወይራ አጠነች፤ በረንዳ ላይ፣ የቤቱ ማንቂያ እንዳይጮህ። ሲደርስ ለዚያ ባለ እርሻ አንድ ብርሌ ወሰደችለት። ቀመሰና «ጭስ አለው» አለ። ከዚያ ብርሌውን መልሶ ዘረጋላት።