አረንጓዴ ስለሆነ ያዘ ማለት አይደለም

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴ የመጀመሪያ ዓመት ትዝ አለኝ። አሥር ሰማያዊ ስፕሩስ (መርፌ ቅጠል ያለው ዛፍ ነው) ግራፍት አድርገሽ፣ ማለትም ቅርንጫፉን ሥር ባለው ሌላ ችግኝ ላይ ለጥፈሽ፣ ተለጣፊዎቹ ቅርንጫፎች ሦስት ሳምንት አረንጓዴ ሆነው ከረሙ፤ በአራተኛው ተያይዘው ቡናማ ሆኑ ብለሻል። የባለሥሩን ችግኝ ጫፍ በዚያው ቀን ቆርጬዋለሁም ብለሻል። ጥፋቱ በአብዛኛው እዚህ ጋ ይመስለኛል።

ፖም የለመደ ሰው እንዲህ ያደርጋል። እኔም አድርጌዋለሁ። ፖም በብርዱ ወራት ቅጠሉን ያራግፋል፤ አንገቱ ቢቆረጥም በግንዱና በሥሩ ባጠራቀመው ስንቅ ይነሳል። የኮኒፈር፣ ማለትም እንደ ስፕሩስ ያለ ባለመርፌ ቅጠል ዛፍ፣ ስንቅ ግን ብዙው ያለው መርፌ ቅጠሉ ላይ ነው። ጫፉን ስትቆርጪው ሥሩን የሚቀልበውን ወሰድሽበት ማለት ነው።

ለዚህ ነው ከጎን የሚለጠፈው። ባለሥሩ እርሳስ ያህል ይወፍር። ከታች፣ ወደ አፈሩ ጠጋ ብለሽ፣ ከላይ ወደ ታች 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ቅርፊቱን ከትንሽ እንጨት ጋር ላጥ አድርጊው። እስከ መጨረሻው አትገንጥይው፤ ከግርጌው ትንሽ ከንፈር ትቅር። ተለጣፊው ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ባለፈው ዓመት ያደገ ጫፍ ነው። የታችኛውን መርፌ ቅጠል አራግፊና በአንድ ጎኑ በዚያው ልክ ጥረቢው፤ ከጀርባው ደግሞ አጭር ሾል ያለ ቁርጥ ይኑረው፣ ከንፈሯ ውስጥ እንዲገባ። ከቅርፊት ሥር ያለችው ካምቢየም የምትባለው ቀጭን ሽፋን ናት የምትያያዘው። ተለጣፊው ከቀጠነ መሃል ላይ አታስቀምጪው፣ ወደ አንድ ጠርዝ አስጠጊው። አንድ ጎን ከገጠመ ይበቃል። ከዚያ በላስቲክ ጠበቅ አድርገሽ እሰሪ።

ከዛፉ ቁርጥ የሚወጣው ሙጫ ፋታ አይሰጥም። ቁርጡን እያየሽ ብትቆሚ ፊቱ ላይ ይጋገራል። ቆርጠሽ ወዲያው ግጠሚ፣ ቢላዋውን በየመሃሉ በአልኮል ጥረጊ።

ስለ ወቅቱ ምንም አልጻፍሽም። ባለሥሩ መንቃት አለበት፣ ተለጣፊው መተኛት አለበት። በብርዱ ወራት መጨረሻ ችግኙን ከሁለት ሳምንት በፊት ጀምረሽ ሞቅ ያለ ቦታ አስገቢው። ከተተከለበት ፕላስቲክ ቀስ ብለሽ አውጥተሽ አፈሩን ዙሪያውን እዪው። ነጫጭ የሥር ጫፎች ብቅ ካሉ ጊዜው ደርሷል። ከሌሉ ታገሺ።

አረንጓዴነቱ አያታልልሽ። ተቆርጦ መሬት የወደቀ ቅርንጫፍም ለሳምንታት አረንጓዴ ነው። እኔ የማምነው እምቡጡ አብጦ ሲፈነዳ ብቻ ነው። እስከዚያ ከ6 እስከ 8 ሳምንት እርጥበት ያለው አየር፣ ጥላ፣ ከሥሩ ደግሞ 20 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ይፈልጋል። ፌስታል ማልበስ ይቻላል፣ ግን ፀሐይ እንዳያገኘው። እኔ አንድ ጊዜ መስኮት ዳር ረስቼው ከሰዓት ስመለስ ተቀቅሎ ጠበቀኝ። እምቡጡ ከተከፈተ በኋላ የባለሥሩን ጫፍ በጥቂት በጥቂቱ ቀንሺ፤ ጨርሶ ማንሳቱ ለሚቀጥለው የእድገት ወቅት ይቆይ።

ተለጣፊውን የት እንደቆረጥሽውም እዪ። ከጎን ቅርንጫፍ የተወሰደ ስፕሩስ ለረጅም ጊዜ ወደ ጎን መጋደሙን አይተውም፤ ከዛፉ አናት አካባቢ ካላገኘሽ ከመጀመሪያው በእንጨት ደግፊው። ለሰማያዊው ስፕሩስ ባለሥር የሚሆነው የኖርዌይ ስፕሩስ ነው፣ እሱን በትክክል መርጠሻል። ወደ ፓይን፣ ወደ ሌላው ባለመርፌ ዛፍ፣ ስትሄጂ ግን በአንድ እሽግ ስንት መርፌ እንዳለ ቁጠሪ፦ ባለሁለቱን በባለሁለት፣ ባለአምስቱን በባለአምስት።

ጫፋቸው የተቆረጠውን አሥሩንም ባለሥር ችግኞች አትጣያቸው። ከታች ቅርንጫፍ የቀረላቸው ካሉ ዘንድሮ ይረፉ፤ ጠንክረው ካደጉ በሚቀጥለው ዓመት ሌላኛው ጎናቸው ላይ ሞክሪ።