ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት፦ ስለ ቤት ግዢ ሰነዶች ጥያቄና መልስ

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ልትገዙ አስባችሁ ወረቀቱ ግራ ካጋባችሁ ጠይቁ። የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጋሼ፣ ሻጩ የካርታውን (የቤቱን የባለቤትነት ማረጋገጫ) ኮፒ በቴሌግራም ላከልኝ። ማህተም አለው። አይበቃም?

አይበቃም ወንድሜ። ኮፒ ላይ እዳ አይታይም። ቤቱ ለባንክ በመያዣነት ተሰጥቶ ወይም ፍርድ ቤት አግዶት ሊሆን ይችላል። ያ የሚታወቀው ቢሮ ካለው የቤቱ ማህደር (ፋይል) ነው። ሻጩን ይዘህ ማህደሩ ወዳለበት ቢሮ ሂድ፤ ከእዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን አጣሩ። ካርታው ላይ ያለውን ስፋትም ከግቢው ጋር አስተያይ። «ዛሬ ካልከፈልክ ሌላ ገዢ አለ» ካለህ ይሽጥለት።

ካርታው በባልየው ስም ብቻ ነው። ሚስቱ መፈረም አለባት?

አዎ፣ ትፈርም። በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ንብረት በአንዳቸው ስም ቢመዘገብም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) አንቀጽ 68 መሠረት የጋራ ቤት የሚሸጠው ሁለቱም ሲስማሙ ነው። እሷ ሳትስማማ ከተሸጠ፣ ሽያጩን ባወቀች በ6 ወር ውስጥ፣ ቢዘገይ ቢዘገይ በ2 ዓመት ውስጥ ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ ትችላለች። አስቡት፤ ገብታችሁ ቀለም ከቀባችሁ በኋላ!

ሻጩ «አላገባሁም» ካለ ማስረጃ ያምጣ። ከፈታ የፍቺውንና የንብረት ክፍፍሉን ውሳኔ ጠይቁ። ሚስቱ ከሞተች ደግሞ የወራሾቿ ጉዳይ ይመጣል፤ የወራሽነት ማስረጃ ሳታዩ ብር እንዳትከፍሉ።

ባለቤቱ አሜሪካ ነው። የሚሸጥልኝ ወንድሙ በውክልና ነው።

ውክልናውን ቃል በቃል አንብቢው እህቴ። «ያስተዳድር፣ ያከራይ» ብቻ የሚል ከሆነ መሸጥ አይችልም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 ለእንዲህ ያለው ሽያጭ ልዩ ውክልና ይጠይቃል። አለመሻሩን ውልና ማስረጃ (ውክልና የሚመዘገብበት ቢሮ) ሄደሽ አጣሪ። ባለቤቱንም በቪዲዮ አነጋግሪው። ወካዩ ከሞተ ውክልናውም በመርህ ደረጃ ያበቃል።

ኮንዶሚኒየም በዕጣ የደረሰው ሰው ቤቱን ለመሸጥ የሚጠበቀው 5 ዓመት ገና አልሞላም፤ «ውክልና እሰጥሃለሁ፣ ጊዜው ሲደርስ እናዛውራለን» ይላል።

ተወው። ውክልና ጠዋት ተሰጥቶ ከሰዓት ሊሻር ይችላል። ብርህ ግን ሄዷል።

ቀብድ ከተቀበለ በኋላ ሻጩ ሐሳቡን ቢቀይርስ?

በውላችሁ ሌላ ካልተስማማችሁ እጥፉን ይመልሳል። አንተ ከተውከው ደግሞ ቀብዱ አይመለስልህም (የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885)። ደላላው «በቃል ይበቃል» ቢልህ አትስማው፤ በጽሑፍ ይሁን፣ ምስክሮችም ይፈርሙበት።

ለግብሩ ሲባል ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጻፍ ተባልኩ።

ቢሮው የራሱን ግምት ስለሚሠራ የምታተርፊው ነገር ላይኖር ይችላል። ነገ ውሉ ቢፈርስ ግን ሻጩ የተጻፈው ብር ብቻ ነው የተከፈለው ብሎ ይከራከርሻል።

የስም ማዛወሪያውን ማን ይክፈል?

እንደተስማማችሁት። ግን ውሉ ላይ ይጻፍ፤ የውሃና የመብራት ውዝፍም እንዲሁ።