ከፐርሶኔል ጠረጴዛ ማዶ ላላችሁ ልጆች

ልጆቼ፣

ጠዋት በቃሊቲ በኩል ሳልፍ አያችኋለሁ። ምሳ ዕቃችሁን በፌስታል አንጠልጥላችሁ ሰርቪስ ትጠብቃላችሁ። ገሚሶቻችሁ ወደ ገላን፣ ገሚሶቻችሁ ወደ ዱከም ናችሁ። እኔም በዚሁ መንገድ 27 ዓመት ተመላልሻለሁ። ሥራዬ ፐርሶኔል ነበር፤ እናንተ ዛሬ የሰው ሀብት የምትሉት። ስለ ሠራተኛ ማኅበር የምነግራችሁ እንግዲህ ከአሠሪው ወገን ተቀምጬ ያየሁትን ነው።

እሠራበት በነበረው ፋብሪካ የማታው ሽፍት ከምሽቱ 4 ሰዓት ያበቃ ነበር። ሰርቪሱ ሴቶቹን አስፋልት ላይ አውርዶ ይመለስ ነበር። ከዚያ ወደ የሰፈራቸው በእግር ነበር። ጨለማ፣ ጭቃ፣ ክረምት ሲሆን ደግሞ ጅብ። እህቱ እዚያው የምትሠራ አንድ የሽመና ክፍል ልጅ አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁን ግቢ ውስጥ አስቁሞ በቁጣ ተናገረው። ያለው ሁሉ እውነት ነበር። በነጋታው ግን «አለቃን በመዝለፍ» የሚል የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ደረሰው።

ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሲፈርም እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሦስት ወር ሳይሞላው ሥራውን ለቀቀ። ፋይሉን ስዘጋ አገላበጥኩት፤ ስለ ሰርቪሱ አንድም መስመር የለበትም። ያለው ስለ ዘለፋው ብቻ ነው። ይህ እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም።

በዓመቱ ሠራተኞቹ ማኅበር አቋቋሙ። የመጀመሪያ ደብዳቤያቸው ያው የሰርቪስ ጉዳይ ነበር። ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አለው። በየፌርማታው ስንት ሴቶች እንደሚወርዱ፣ ከዚያ እስከ ቤታቸው ስንት ደቂቃ በእግር እንደሚሄዱ በሠንጠረዥ አስቀምጠዋል። መዝገብ ቤት ገቢ ሆነ። ገቢ የሆነን ደብዳቤ ደግሞ መሳቢያ ውስጥ ማስተኛት ቀላል አይደለም። በሁለት ስብሰባ አለቀ፤ ሰርቪሱ ውስጥ ለውስጥ መግባት ጀመረ። ሥራ አስኪያጁም ቢሆን ክፉ ሰው አልነበረም። ነገሩን በወጉ የሰማው ያኔ ነው።

ስለዚህ ልጆቼ፣ እውነት ስለያዛችሁ ብቻ ለብቻችሁ አትጋፈጡ።

ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። የመጀመሪያው የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን የተመሠረተው በ1955 ዓ.ም ነው። የመደራጀት መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ሰፍሯል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ 10 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም እንደሚቻል ይናገራል፤ አባላቱ ከ10 እንዳያንሱ እንጂ። ድርጅታችሁ ትንሽ ከሆነ ከሌሎች ትናንሽ ድርጅቶች ሠራተኞች ጋር ጠቅላላ ማኅበር ማቋቋም ትችላላችሁ። የማኅበር አባል ስለሆናችሁ ማባረር ሕገ ወጥ ነው። አዋጁን ገዝታችሁ አንብቡት። ብዙ አለቆች ራሳቸው አላነበቡትም።

ሕጉ ግን ሁሉን አይሞላም። የትርፍ ሰዓት ክፍያን በቁጥር አስቀምጧል፤ በሥራ ቀን፣ በቀን ለተሠራ ትርፍ ሰዓት የመደበኛው አንድ ተኩል እጥፍ ነው። ዝቅተኛ ደመወዝ ይህን ያህል ብር ይሁን የሚል ግን አዋጁ ውስጥ አታገኙም። ሰርቪስ በየት በኩል ይሂድ፣ ምሳ በአሠሪው ይቻል አይቻል፣ የደመወዝ እርከን እንዴት ይጨመር የሚለው ማኅበሩና አሠሪው ተደራድረው በሚፈራረሙት ኅብረት ስምምነት ላይ ነው የሚወሰነው። ለዚህ ነው ወኪሎቻችሁን ስትመርጡ ብዙ የሚናገረውን ብቻ አትዩ የምለው። ጽዳት ላይ ያለችውን እህት ቁጭ ብሎ የሚሰማውን ፈልጉ። ኮሚቴው ወንድ ብቻ ከሆነ ደግሞ የሰርቪሱ ዓይነት ነገር አጀንዳ ላይ አይወጣም። ሌሊት ጨለማ ውስጥ የምትሄደዋ ራሷ ጠረጴዛው ላይ ትቀመጥ።

መዋጮ ያለ ደረሰኝ አትሰብስቡ። በገንዘብ ሲጠራጠሩ የተበተኑ ጎበዝ ማኅበራት አይቻለሁ። አሠሪ አልነበረም የበተናቸው። ቃለ ጉባኤም በዚያው ቀን ይጻፍ፣ በዚያው ቀን ይፈረም። «ተነጋግረን ነበር» የሚባል ነገር እኛ ቢሮ አይሠራም ነበር።

የት እንጀምር ካላችሁ ከደመወዝ አትጀምሩ። ሁላችሁንም የሚነካ፣ ሊቆጠር የሚችል ትንሽ ነገር ፈልጉ። የመጸዳጃ ቤት ውኃም ቢሆን። በዚህ ሳምንት ምሳ ሰዓት ላይ አሥር ሆናችሁ ተቀመጡና አንዳችሁ ደብተር ያዙ። የመተዳደሪያ ደንብ ረቂቅ የሚያይላችሁ ሽማግሌ ካስፈለጋችሁ፣ ጡረተኛ ነኝ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ቤት አለሁ።