ባዶውንም ባሕር ይጻፉ

ጥያቄ፦ ከእንግሊዝ ፕሊመዝ ወደ ስፔን ሳንታንዴር በሚሄደው ፌሪ በየሐምሌው እመላለሳለሁ። ባለፈው «ዶልፊን 40፣ ዓሣ ነባሪ 3፣ ወፍ እጅግ ብዙ» ብዬ የመዘገብኩትን ለአንድ ባለሙያ ባሳይ «ለጥናት አይሆንም» አለኝ። ምኑ ጎደለ?

መልስ፦ የጎደለው ምንም ያልታየበት ሰዓት ነው። 40 ዶልፊን በ2 ሰዓት ጥበቃ ማየትና በ10 ሰዓት ማየት አንድ አይደለም። ፌሪ ያንኑ መስመር ስለሚመላለስ ትልቁ ጥቅሙ ጉዞን ከጉዞ ማነጻጸር ነው፤ ለዚህ ደግሞ ስንት ሰዓት፣ በምን ዓይነት ባሕር እንደጠበቁ መታወቅ አለበት። ሲጀምሩ ሰዓቱንና የጂፒኤስ ቦታውን ይጻፉ። ከዚያ በየ15 ደቂቃው፣ መርከቡ ሲታጠፍ ወይም አየሩ ሲለወጥም ወዲያው፣ ቦታውን፣ ፍጥነቱን፣ የባሕሩን ሁኔታ፣ ምን ያህል ርቀት እንደሚታይና የፀሐዩን ነጸብራቅ ይመዝግቡ። ምንም ካልታየ 0 ይግባ፤ ለምሳ ሲነሡም «አቋረጥኩ» ብለው ይጻፉ። ሰዓቱ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት) ይሁን፤ የእንግሊዝና የስፔን ሰዓት በ1 ይለያያል፣ እኛ ደግሞ እነሱ ጠዋት 8 የሚሉትን 2 እንላለን። የሰዓት ስሕተት ማለት ዶልፊኑን ሌላ ባሕር ላይ ማስቀመጥ ነው።

የባሕሩ ሁኔታ በቦፎርት መለኪያ (የነፋሱን ኃይል ከባሕሩ ገጽታ ተነሥቶ ከ0 እስከ 12 በሚሰጠው) ይጻፋል። ነጭ አረፋ እዚህም እዚያም ብቅ ሲል 3 ደርሷል። ፖርፖይዝ የምትባለው ትንሽ አጥቢ ከ2 በላይ በሆነ ባሕር ቅርብ ሆና እንኳ ትሰወራለች፤ ፊን የሚባለው ግዙፍ ዓሣ ነባሪ ትንፋሽ ግን ከሩቅ ይለያል።

እንስሳ ሲታይ ከመርከቡ ፊት ጫፍ (እሱ 0 ዲግሪ ነው) ያለውን ማዕዘን፣ ርቀቱንና ብዛቱን ይያዙ። ዶልፊኖች በመርከቡ ሞገድ ለመጋለብ ራሳቸው ይመጣሉ፤ ስለዚህ የሚጻፈው መጀመሪያ የታዩበት ርቀት ነው። ከመጡ በኋላ የተለካው ባሕሩን ከእውነቱ በላይ በዶልፊን ይሞላዋል።

ጥያቄ፦ ወፎችን በ300 ሜትር ውስጥ ቁጠሩ ይባላል። ውኃ ላይ 300 ሜትር በምን ይለካል? የሚበሩትስ?

መልስ፦ በማስመሪያ ይለካል። የቆሙበት ወለል ከውኃው ስንት ሜትር እንደሚርቅ ከመርከቡ ሠራተኞች ይጠይቁና እስከ ዓይንዎ ያለውን ይጨምሩበት። ጠቅላላው 25 ሜትር ቢሆንና ማስመሪያውን ከዓይንዎ 60 ሴንቲ ሜትር አርቀው፣ ቀጥ አቁመው የላይኛውን ጫፉን ከአድማሱ ጋር ቢያስተካክሉት፣ 300 ሜትር ከጫፉ 4.8 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ያርፋል፤ 200 ሜትር 7.3 ላይ፣ 100 ሜትር 14.8 ላይ። ክንድ ሲደክም ይታጠፋል፣ ልኩም አብሮ ይበላሻል። 60 ሴንቲ ሜትር ክር ከማስመሪያው አስረው ሌላውን ጫፍ ከዓይንዎ ሥር ጉንጭዎ ላይ ይያዙ።

ነጸብራቅ የሌለበትን አንድ ጎን ብቻ ይምረጡ። ውኃ ላይ ያረፉት ሁልጊዜ ይቆጠራሉ። የሚበሩትን በተከታታይ ከቆጠሩ ግን ከመርከቡ ስለሚፈጥኑ ቁጥሩ ያብጣል፤ እነሱ የሚቆጠሩት መርከቡ 300 ሜትር በሄደ ቁጥር አንዴ፣ በዚያች ቅጽበት ነው። በ10 ኖት (1 ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው) ይህ በየደቂቃው ይሆናል፣ በ20 ኖት በየ30 ሴኮንዱ። መርከቡን የሚከተሉ ወፎች ለብቻቸው ይጻፉ።

ጥያቄ፦ ብቻዬን ነኝ። ሁለቱንም ልቁጠር? የትኛውንስ ሰዓት ላስቀድም?

መልስ፦ አንዱን ይምረጡ። ለአጥቢ እንስሳት ዓይን ሩቅ አድማስ ላይ ይውላል፣ ለወፍ 300 ሜትር ውስጥ፤ ሁለቱን የሞከረ ሁለቱንም ያጎድላል። የተደራጁ ቡድኖች እንኳ የሚያየውንና የሚጽፈውን ሰው ይለያሉ፣ ተራ በተራም ያርፋሉ።

ሰዓቱን በጥልቀት ካርታ ይወስኑ። የቢስካይ ባሕረ ሰላጤ ወለል ከ200 ሜትር ገደማ ተነሥቶ ከ4,000 በላይ ይወርዳል፤ መርከቡ ያንን ዳር ሲሻገርና ወደ ስፔን ሲቃረብ የባሕር ሥር ሸለቆዎቹ ላይ ሲደርስ አይተኙ። እዚያ የኩቪየር መንቁራም ዓሣ ነባሪ ይገኛል። አንዴ ከጠለቀ ግን 1 ሰዓት ገደማ ሊቆይ ይችላል፤ በ20 ኖት የሚሄድ ፌሪ በዚያ ጊዜ 37 ኪሎ ሜትር ያልፈዋል።